የእናቶችን ሞት ለምትመረምሩ ወጣት ባለሙያዎች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ጥቁር አንበሳ አካባቢ ያገኘሁት አንድ ተለማማጅ ሐኪም «እናቲቱ ከሞተች በኋላ ቅጽ መሙላት ማንን ያድናል?» ሲል ጠየቀኝ፤ ጥያቄው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ነገር ቀሰቀሰብኝ።

ዛሬ ያለው የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ሥርዓት ከመዘርጋቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በመሐል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በሰላም የተገላገለች ሴት ደም ሲፈሳት አድሮ ሊነጋ ሲል አረፈች። በማግስቱ ስብሰባ ካርዷ ሲገለጥ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት የተለካው የደም ግፊት ሰፍሯል፤ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያሉት መስመሮች ባዶ ናቸው። «ተረኛዋ ማን ነበረች?» ተባለ፤ አዋላጅ ነርሷ ተጠርታ በሁሉም ፊት ተወቀሰች፤ ምክንያቱ «ደም መፍሰስ» ተብሎ ተመዘገበና ጉዳዩ ተዘጋ። ያን ሌሊት ስንት ወላድ ለብቻዋ ትጠብቅ እንደነበር የጠየቀ የለም። ባልየው አስከሬን ለመረከብ ደጅ ቆሞ የደም መጠየቂያውን ወረቀት እንዳጣጠፈ ይዞታል፤ ደም የሚተካ ዘመድ ፍለጋ ከተማውን ሲያካልል ማደሩን የነገረንም ጠይቀነው ሳይሆን ወረቀቱን ለማን እንደሚመልስ ግራ ገብቶት ነው። ነርሷ ብዙ ሳትቆይ ሙያውን ተወች፤ እንደ እርሷ እጀ ቀላል አዋላጅ ጥቂት አይቻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ሥርዓት ያን ጊዜ ያልተጠየቀውን ይጠይቃል። በእርግዝና ወይም እርግዝናው ካበቃ በኋላ ባሉት 42 ቀናት ውስጥ በእርግዝናው ሳቢያ የደረሰው ሞት ሲመረመር የሟችም የባለሙያም ስም አይነሣም፤ መዘግየቱ ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን፣ በመንገድ ወይስ ከደረሰች በኋላ እንደሆነ ይለያል። መሐል ከተማ የምትሠሩ ግን በመንገድ ለማሳበብ አትቸኩሉ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 ወርዷል፤ ቁጥሩ ግን ያ ደም ለምን እንዳልደረሰ አይነግራችሁም።

የእናንተ ትውልድ ኮምፒውተር ላይ መረጃ ለማስገባት ፈጣን ነው፤ ሐዘንተኛ ቤተሰብ አጠገብ ተቀምጦ ማዳመጥ ግን ይከብደዋል። ማንም አይወቀስ የምለው እኔም ብሆን ያልተሞላ የክትትል ወረቀት ሳይ ዛሬም እናደዳለሁ።

ለጠያቂዬ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፦ ቅጹ የሚያድነው ቀጣይዋን ወላድ ነው፤ ያም ቢሆን ችግሩን ለማረም ከተወሰነው ምላሽ ጎን የሚፈጽመው ክፍልና ቀኑ ከተጻፉ፣ በሚቀጥለው ስብሰባም ከአዲስ ጉዳይ በፊት የባለፈው ውሳኔ መፈጸሙ ከተጠየቀ ብቻ ነው።