መልስ፦ የታተመ ፎቶ ላይ ስቀባ ለምን ይፈሳል?
ሰላም ወንድሜ። የፒያሳን የድሮ ቤቶች ፎቶ አትመህ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ስትቀባበት ምስሉ እንደፈሰሰብህ፣ ከዚያም በፎቶሾፕ እንዴት እንደምትቀጥል ጠይቀሃል።

ጥፋቱ የእጅህ ሳይሆን የማተሚያው ነው። የብዙ ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም የሚረጩ) ማተሚያዎች ቀለም ውሃ ሲነካው ይሟሟል። በሌዘር አሳትም። ቶነር (የሌዘር ማተሚያ የዱቄት ቀለም) በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ ስለሚጣበቅ ውሃ አያስለቅቀውም። ወረቀቱ ብቻ ወፈር ይበል፤ ስስ ከሆነ ይሸበሸባል።

ደግሞ ሁሉንም አትቀባ። የእንጨቱ በረንዳና መስኮቱ በፎቶነታቸው ይቆዩ። ሰማዩና ግድግዳው ላይ ግን እንደልብህ ሁን። (ከዳር እስከ ዳር የተቀባ ፎቶ ለእኔ ፎቶም ሥዕልም አይደለም።)

ሲደርቅ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርገውና ፎቶሾፕ ላይ ክፈተው። ተጨማሪ የከሰል ጭረት ካማረህ ለብቻው ነጭ ወረቀት ላይ ሠርተህ ስካን አድርግ። እሱን ከላይ በሌላ ሌየር (ንብርብር) አስቀምጥና የሌየሩን የማዋሃጃ ስልት ‹መልቲፕላይ› አድርገው፤ ነጩ ይጠፋል፣ ጭረቱ ይቀራል። የማትፈልገውን በኢሬዘር (ማጥፊያ) ሳይሆን ምስሉን ሳያጠፋ በሚሸፍነው ማስክ ደብቅ፤ ሐሳብህን ብትቀይር ይመለስልሃል።

ፎቶው ላይ ያዘመመ ግድግዳ ካለ ሳታትም በፊት አቅናው። ኋላ ላይ ከሆነ የብሩሹ ምትም አብሮ ይለጠጣል።