በአይጥ ጉልበት ላይ ለምትሠሩ ልጆች

«ቀዶ ጥገናውን ካደረግሁ ስምንት ሳምንት ሆነኝ፤ የአይጦቼ ልም አጥንት ግን ደህና ነው። ከሸፈብኝ ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ደረሰኝ። ቀዶ ጥገናው ሜኒስከስን፣ ማለትም በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለውን ትራስ፣ የያዘችውን ጅማት ቆርጦ ጉልበቱን ያናጋል፤ ከዚያ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት ይበላል። የሰውን የጉልበት መበላት በአይጥ የምናጠናበት ሞዴል ነው። ምናልባት። መጀመሪያ ግን ጾታቸውን እዩ፤ ሴቶቹ ላይ ጉዳቱ ከወንዶቹ በብዙ ይቀላል። ከ10 እስከ 12 ሳምንት የሆናቸው ሲ57 ብላክ 6 የተባለው የቤተ ሙከራ ዝርያ ወንዶች ከሆኑ ግን ጥርጣሬው ወደ እጃችሁ ይዞራል።

ካፕሱሉን፣ ማለትም የመገጣጠሚያውን ከረጢት፣ ከጉልበት ሎሚው ጅማት በውስጥ በኩል ክፈቱ። የስቡን ትራስ ገፋ አድርጉት እንጂ አትቁረጡት፤ ይደማል፣ ደሙም ሁሉን ይሸፍናል። ከሥሩ፣ ከውስጠኛው ሜኒስከስ የፊት ጫፍ ተነሥታ ቲቢያ (የቅልጥም አጥንት) ላይ የምትያዝ ነጭ ጅማት አለች። የምትቆረጠው እሷ ብቻ ናት። ስለቱን ከልም አጥንቱ አርቁ፤ የጫረው ቦታ ኋላ በሽታ ይመስላችኋል። ከዚያ ሜኒስከሱን ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉት፤ ካልተንሸራተተ ጅማቷ አልተቆረጠችም። ፊተኛውን መስቀለኛ ጅማት ከቆረጣችሁት ያ ሌላ ሞዴል ነው፣ አይጡን አውጡት። የማስመሰያው ቡድንም፣ ማለትም ጅማቷ የማትቆረጥባቸው አይጦች፣ እስከ ጅማቷ ድረስ እኩል ይከፈት።

የዛሬ ልጆች አር ኤን ኤ ለማስነበብ ትቸኩላላችሁ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ መቀመጥ ግን ይሰለቻችኋል። የአይጥ ልም አጥንት ጥቂት የሴል ድርድር ነው፤ ዘንበል ብሎ ከተቆረጠ ወፍራም ይመስላል። በየ80 ማይክሮን ስስ ቁራጭ ወስዳችሁ፣ ሳፍራኒን በተባለ ቀለም ቀልማችሁ፣ ቡድኑን የማያውቁ ሁለት ሰዎች ከ0 (ደህና) እስከ 6 (ክፉኛ የተበላ) ነጥብ ይስጡ።

ጥያቄው የቀሰቀሰብኝ ቁጭት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሶንያ ግላሰንና ባልደረቦቿ ልም አጥንትን የሚበላው አዳምትስ5 የተባለ ኢንዛይም የማይሠራባቸው አይጦች ጉልበታቸው ቢናጋም ልም አጥንታቸው እንደሚተርፍ አሳዩ። ሁላችን ጨበጥነው አልን። ኢንዛይሙን የሚያግድ ጂ ኤል ፒ ጂ 1972 የተባለ እንክብል ተሠርቶ ከ900 በላይ ሕመምተኞች ላይ ለ52 ሳምንት ተሞከረ፤ የልም አጥንቱን መሳሳት ከማስመሰያው እንክብል የተሻለ አላዘገየም። እንግዲህ አስቡት፦ አይጦቹ ኢንዛይሙን ያጡት ጉልበታቸው ሳይነካ፣ ከተፈጥሯቸው ነው። ሰው ግን ሐኪም ዘንድ የሚመጣው ጉልበቱ ለዓመታት ከተበላ በኋላ ነው። ዛሬም መድኃኒቱን ከቀዶ ጥገናው ማግስት ጀምሮ «አዳነ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። አራተኛው ሳምንት ይለፍ፣ ጉዳቱ ይታይ፣ ከዚያ ጀምሩ። ያኔ ውጤቱ ያንሳል፣ አለቃችሁም ላይደሰት ይችላል።

ይህን ሁሉ ብዬም ከዚህ የተሻለ ሞዴል ስጠኝ ብትሉኝ የለኝም። አንድ ነገር ልጨምር፦ የማይተዋወቁ ወንዶችን አንድ ጎጆ አትክተቱ፤ ይደባደባሉ፣ የተደባደበ ጉልበትም ነጥቡን ያበላሻል።