የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ልጆች ቤት ሲሰሩ ምን እናቅርብላቸው?

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የልጆች የእጅ ስራና የግንባታ ጨዋታ ላይ ስለሆኑ አንድ ላይ መልሰናቸዋል፣ የደጋውም የቆላውም ሰው የሚጠቀምበት ነገር ስላለው ሁሉንም አንብቡት።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ትልቁ 8 አመቱ ነው ትንሿ 5። ክረምት ሲገባ ዝናቡና ጉሙ አያስወጣም ብርዱን ደሞ ታውቁታላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ናቸው። ሱቅ ያለው የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ውድ ነው፣ ብገዛም በሳምንቱ ግማሹ ይጠፋል። ካርቶን ሰብስቤ ቆንጆ ቤት ሰራሁላቸው፣ አንድ ቀን ተጫወቱበትና ጣሉት። ምን ላርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ የጣሉት አንቺ ስለሰራሽው ነው። ልጅ ራሱ የሰራውን ጎጆ ጠማማም ቢሆን አይጥለውም፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ካላየልኝ እያለ ነው ሚያስቸግርሽ። ስለዚህ ካርቶኑን ስጫቸው፣ ወፍራሙን መቁረጥ ብቻ አንቺ አግዢያቸው፣ ሌላውን እጅሽን ሰብስበሽ ቁጭ በይ። ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ግድግዳው ሲዘም እያየሽ ዝም ማለት ያማል፣ ግን ዝም በይ።

መጀመሪያ ቤት ስሩ አትበያቸው። ያለቀ ደብተር ቅጠሎችን ስጫቸውና ይሄ ወረቀት መጽሐፍ ይሸከማል ወይስ አይሸከምም ብለሽ ጠይቂያቸው። ወረቀቱን ሊያቆሙት ይሞክራሉ፣ ይወድቃል፣ ሁለት ሶስቴ ይወድቃል። ከዛ አንዱ ይጠቀልለዋል፣ ካልጠቀለለ አንድ ፍንጭ ስጪ። ጥቅልሉን በክር አስራችሁ አራቱን በአራት ማእዘን ካቆማችሁ በኋላ መጽሐፍ በቀስታ ጫኑበት፣ ሁለተኛም ሶስተኛም ይጨመርበታል፣ ያኔ የልጆቹን ፊት እዪው! ክብ ቅርጽ ክብደቱን ዙሪያውን እኩል ስለሚያካፍለው ነው፣ ጠርዝ ያለው ወረቀት ግን ወዲያው በአንድ በኩል ይታጠፋል። የቤታችን ምሰሶ ለምን ድቡልቡል እንደሆነ ያኔ ራሳቸው ይጠይቁሻል።

በማግስቱ ድልድይ ይስሩ። ሁለት ሳጥን አራርቀሽ ወረቀት ዝርግ አድርገሽ ስታስቀምጪበት ስኒ እንኳን አይችልም፣ ያንኑ ወረቀት እንደ ቆርቆሮ ክዳን ወደላይ ወደታች እያጣጠፉ ሲያደርጉት ግን ይችላል። የቤታችሁን ጣሪያ ቀና ብለው እንዲያዩ አድርጊ፣ ቆርቆሮው ሞገድ ሞገድ የሆነው ለምን እንደሆነ በዛው ይገባቸዋል።

ከዛ በኋላ ነው ቤቱ የሚመጣው። የ5 አመቷን ሰራተኛ አታድርጊያት፣ የሷን ድርሻ ለይተሽ ስጫት፣ የበሩን ቦታ ትወስን፣ መደቡንና ጓዳውን ትስራ፣ አሻንጉሊቷ ትግባበትና ጣሪያው ይንካት አይንካት ትለካ። እቃ እቃ ስትጫወት የምትሰራውን ነው እዚህ በካርቶን የምትሰራው። ኮላ መግዛት ደሞ አያስፈልግሽም፣ 1 ስኒ የስንዴ ዱቄት በ1 ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ጓል እስኪጠፋ በጥብጪና 3 ስኒ የፈላ ውሃ ላይ ቀስ እያልሽ እያማሰልሽ ጨምሪው፣ ሲወፍር አውርጂው። ሲቀዘቅዝ ካርቶንም ወረቀትም ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ሁለት ሶስት ቀን ይቆያል ከዛ በኋላ ስለሚሸት ድፊው።

ጥያቄ፦ መንዝ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 60 ተማሪ አለ። የእጅ ስራ ሲደርስ ወረቀት የለ ቀለም የለ፣ በቃ ደብተራችሁ ላይ ሳሉ ብዬ አልፋለሁ። በቡድን ስሰጣቸው ደሞ ሁለቱ ይሰራሉ ሌላው ቆሞ ያያል። ሁሉንም የሚያሳትፍ ነገር ካላችሁ ብታካፍሉኝ።

መልስ፦ መምህር፣ ወረቀቱን ይተዉት። የመንዝ ቤት ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ጭቃውም ድንጋዩም ገለባውም ከግቢው አጥር ወጣ ሲሉ አለ፣ ልጆቹም ካብ ሲካብ እያዩ ነው ያደጉት። መንደር ያሰሯቸው።

60ውን 6፣ 6 አድርገው 10 ቡድን ያውጡ፣ ለያንዳንዱ ቡድን አንድ ግንባታ ይድረሰው፣ አንዱ መኖሪያ ቤት፣ አንዱ ትምህርት ቤት፣ ሌላው ቤተክርስቲያን፣ ወፍጮ ቤት፣ ጎተራ፣ ድልድይ፣ የከብት በረት እያሉ። ግን ድንጋይ ከመነሳቱ በፊት 10ሩም ቡድን ተወካይ ልኮ መሬት ላይ ይማከሩ፣ መንገዱ በየት ይለፍ፣ ውሃው በየት ይውረድ፣ በረቱ ከምንጩ በላይ ነው ከታች? እዚህ ላይ ይጨቃጨቃሉ፣ ይጨቃጨቁ፣ አይቸኩሉ። ለኔ ከግንባታው እኩል የሚጠቅመው ይሄ ጭቅጭቅ ነው።

ቆሞ ማየቱን የሚያስቀረው ስራን በስም መስጠት ነው። በያንዳንዱ ቡድን አንድ ቀያሽ፣ አንድ ድንጋይ አቅራቢ፣ አንድ ጭቃ አቡኪ፣ ሁለት ግንበኛ፣ አንድ ደሞ ቱንቢ ያዥ ይኑር፣ በየክፍለ ጊዜው ይቀያየሩ። ቱንቢ ማለት ክር ጫፍ ላይ የታሰረች ጠጠር ናት፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም። እና ከክፍሉ ዝም የሚለውን፣ እጁን የማያወጣውን ልጅ መጀመሪያ ቱንቢውን ያስይዙት፣ እሱ ቀጥ ብሏል ሳይል ግንበኛው ሌላ ድንጋይ አይጨምርም የሚል ህግ ያውጡ። ያ ልጅ በዛ ቀን ይናገራል።

ቀያሹ ደሞ ችካል ይትከልና 25 ሳንቲ ሜትር ክር አስሮ በሌላኛው ጫፍ መሬቱን እየጫረ ይዙር፣ ክብ ጎጆ የሚቀየሰው እንዲህ ነው። ከዛ ክብ ጠርዙን በገመድ ይለካ፣ 1 ሜትር ተኩል ትንሽ አለፍ ያለ ሆኖ ያገኘዋል፣ የመሃሉን ስፋት ሲለካ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ሶስት እጥፍና ትንሽ። 10ሩም ቡድን የተለያየ ክር ይዞ ቢለካ ሁሌም ሶስት እጥፍና ትንሽ ነው የሚመጣው፣ ይሄንን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢነግሯቸው ይረሱታል እዚህ ግን በእጃቸው ያገኙታል።

ስለ ጭቃው ትንሽ ልዘርዝር ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። የክብሪት ቤት መሳቢያዋን ይውሰዱ፣ ውስጧን በፌስታል ቁራጭ ያልብሷት፣ ትንሽ አመድ ይነስንሱባትና ጭቃ ጠቅጥቀው ይገልብጡ፣ ድንክዬ ጡብ ይወጣል። ግማሹን ጡብ ገለባ ወይም ጭድ ደቀቅ ተደርጎ ከገባበት ጭቃ፣ ግማሹን ከባዶ ጭቃ ያሰሯቸው። ጸሃይ ላይ እንዳያሰጡት፣ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ጥላ ላይ ነፋስ ባለበት ጥቂት ቀን ይቆይ። ሲደርቅ ከየአይነቱ አንዳንድ ጡብ ሁለት ድንጋይ ላይ እንደ ድልድይ አጋድመው መሃሉ ላይ ጠጠር አንድ በአንድ ይጫን፣ ክፍሉ ይቁጠር። ባዶው ጭቃ ቀድሞ ቀጭ ይላል፣ ገለባ ያለበት ቢሰነጠቅም ገለባው ይዞት ይቆያል። አባቶቻቸው ጭቃ ውስጥ ጭድ ለምን እንደሚረግጡ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ሲገነቡ አንድ ነገር ብቻ ያስይዟቸው፣ ከስር ሁለት ጡብ የሚገናኙበት መስመር ላይ የላይኛው ጡብ መሃሉ ይረፍ። አናት ለአናት ከሆነ ግድግዳው ከላይ እስከታች በአንድ መስመር ይከፈታል። ድንጋይ የሚክቡትም እንደዛው።

ለክዳኑ አሮጌ ጎጆ ሲፈርስ የሚጣለውን ሳር ይለምኑ፣ ጓሳው ጋ፣ ማለትም መንዝ ውስጥ ያለው ጥብቅ የሳር መሬት ጋ፣ ሄደው እንዳያጭዱ። በነገራችን ላይ የጓሳ ነገር ራሱ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል፣ ህዝቡ በራሱ ደንብ ከ400 አመት በላይ ጠብቆ ያቆየው ቦታ ነው፣ ሳሩ ለቤት ክዳን ሚታጨድበት ጊዜ ነበረው ተዘግቶ ሚያገግምበትም ጊዜ ነበረው። ልጆቹ ለሰሩት መንደር ሳሩንና ውሃውን ማን መቼ እንደሚጠቀም ደንብ ያውጡለት።

ከተቻለ ደሞ ከሰፈሩ ቤት ሲክብ ወይም ሲከድን የኖረ አባት አንድ ቀን ይጋብዙ፣ ንግግር እንዲያደርጉ ሳይሆን የልጆቹን ስራ እየዞሩ እንዲያዩ። መጨረሻ ላይ ክዳኑ በቀዳዳ ሃይላንድ ውሃ ይዘነብበት፣ ክዳኑ ያፈሰሰበት ቡድን አፍርሶ ሳይሆን ጠግኖ ይሂድ። ማርክ ሚሰጡ ከሆነ ለውበቱ አይስጡ፣ ለምን እንዲህ አደረጋችሁት ሲባሉ ለሚመልሱት መልስ ይስጡ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነዋሪ ነኝ፣ የልጅ ልጄን ነው ማሳድገው። 9 አመቷ ነው፣ ከአገዳ ቤት ትሰራለች ሚስማር ትመታለች፣ ጎረቤት ግን ይሄ የወንድ ስራ ነው እንጀራ መጋገር ትማር ይለኛል። እኔ ደስ ይለኛል ግን ልተዋት ወይስ ልከልክላት?

መልስ፦ አባባ፣ እባክዎ አይከልክሏት። ለመሆኑ በአገራችን ግድግዳውን የሚለቀልቀው፣ መደቡን የሚሰራው፣ እህል የሚገባበትን ጎታ ከጭቃና ከጭድ አብኩቶ የሚያቆመው ማነው? ሴቶቹ አይደሉም እንዴ። ጎታ ያለ ፎርማ ያለ ሚስማር ሲቆም አይተዋል፣ ያ የግንባታ እውቀት ነው። እንጀራውንም ትማራለች፣ ወንድ ልጅም ቢማረው ደግ ነው፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

እናንተ ጋ የማሽላና የበቆሎ አገዳ ሞልቷል፣ ደጋው ሚያጣውን ነው ያገኛችሁት። የደረቀ አገዳ ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ ልጧን እርሶ ላጥ ያድርጉላት፣ ሚስማሩን ለጊዜው ይተዉትና በልጥ ወይም በክር ትሰር። አራት አገዳ በአራት ማእዘን አስራ ስትገፋው ይዘማል፣ ሶስት አገዳ ሶስት ማእዘን አድርጋ ስትገፋው ግን ንቅንቅ አይልም። ይሄን ካየች በኋላ አራት ማእዘኑ ውስጥ አንድ ሰያፍ አገዳ ትጨምርና ደግማ ትግፋው። አናጢ ቤት አጠገብ ካለ ይዘዋት ሄደው ካፕሪያታ፣ ማለትም ጣሪያ የሚሸከመው የእንጨት አጥንት፣ ሲሰራ ያሳዩዋት፣ ሁሉም ሶስት ማእዘን ነው። ጎረቤትም ልጆቹን ይላክና አብረዋት ይስሩ፣ አራት አምስት ሆነው ደቦ ሲሰሩ ያዩ ሰዎች የወንድ የሴት ማለታቸውን ይተዋሉ።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ በጣርማበር ዋሻ አለፍንና ልጄ ተራራው ለምን አይወድቅብንም አለኝ፣ መልስ አጣሁ።

መልስ፦ በአፍ አይመልሱለት፣ ያሰሩት። ዋሻው ጣሊያን በወረራው ጊዜ የሰራው ነው፣ አናቱ ቅስት ነው፣ ልጁ ደግሞ ሲያልፍ ያንን ቅርጽ ልብ ይበል። ቤት ስትገቡ እርጥብ አሸዋ ከምሩና እንደ ግማሽ ክብ አስተካክሉት፣ ላዩ ላይ ከታች ጠበብ ከላይ ሰፋ ያሉ ድንጋዮች ከሁለቱም ጎን ወደ መሃል እያስጠጋችሁ ደርድሩ። የመጨረሻዋ የመሃል ድንጋይ በደንብ ጥብቅ ብላ ትግባ። ግራና ቀኙን በትልቅ ድንጋይ ደግፉ፣ ከዛ አሸዋውን በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ከስር አውጡት። በትክክል ከተሰራ ይቆማል። ከላይ የመጣው ክብደት ድንጋዩን ከድንጋይ ያጣብቀዋል፣ ወደ ጎንና ወደ ታች ነው የሚሄደው። አሁን አንዱን የጎን ድጋፍ ልጁ ያንሳው። ይፈርሳል። ዋሻው ላይ ያንን የጎን ድጋፍ የሚሰጠው ተራራው ራሱ ነው፣ እሱን ለልጅዎ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ጎረቤት ቤት እየሰራ ነው፣ ልጆቼ የተረፈ ሲሚንቶና አሸዋ ለምነው እየተጫወቱበት ነው፣ ችግር አለው? ጭቃውስ በሽታ አያመጣም?

መልስ፦ ሲሚንቶውን ዛሬውኑ ይውሰዱባቸው። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፣ አይን ከገባ ደሞ ከባድ ጉዳት ነው፣ ብናኙም ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ከነካቸው ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠቡ፣ አይን ከሆነ እያጠባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ። ኖራም እንደዛው ነው። አሸዋውና ጭቃው ይሁንላቸው፣ ብቻ አፈሩን ጠርሙስ ስባሪ፣ ሚስማርና የእንስሳ እዳሪ ከሌለበት ቦታ ያምጡ፣ እጁ ላይ ቁስል ያለበት ልጅ እስኪድን አያቡካ፣ ሲጨርሱ ጥፍራቸው ስር ጭምር በሳሙና ይታጠቡ።