መልስ፦ ኢንትሮፒና ቴምፕሬቸር ምን አገናኛቸው?

«ኢንትሮፒ መዝረክረክ ከሆነ ቴምፕሬቸር እዚህ ምን ይሠራል?» ላልከው፦ መዝረክረኩን ለጊዜው ተወው፣ ብዙ ሰው ያሳስታል። ኢንትሮፒ የሚለካው፣ አተሞቹ ያላቸውን ኢነርጂ በስንት ዓይነት መንገድ ሊከፋፈሉት እንደሚችሉ ነው። ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላውዚየስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1865። የኢንትሮፒ ለውጥን የሚያገኝበት ስሌት ቀላል ነው፤ የገባውን (ወይም የወጣውን) ሙቀት በኬልቪን ቴምፕሬቸር (ከፍጹም ዜሮ በሚጀምር መለኪያ) ማካፈል።

አንድ ትልቅ የጋለ ብረት 400 ኬልቪን፣ የገንዳ ውሃ ደግሞ 300 ኬልቪን ነው እንበል። ብረቱ 1000 ጁል (የኢነርጂ መለኪያ) ሙቀት ለውሃው ሰጠ። (ሁለቱም ትልልቅ ስለሆኑ ቴምፕሬቸራቸው ብዙም አልተነካም።) ብረቱ 2.5 ጁል በኬልቪን ኢንትሮፒ ያጣል፣ ውሃው ወደ 3.33 ያገኛል። ኢነርጂው ያው 1000 ነው፤ አልጨመረም አልቀነሰም። ኢንትሮፒው ግን በ0.83 ገደማ ጨመረ። አየህ፣ ያው ኢነርጂ ቀዝቃዛው ጋ ሲደርስ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። አቅጣጫውን ገልብጠህ ብታሰላው ድምሩ ኔጌቲቭ ይመጣል፤ ጠቅላላው ኢንትሮፒ ደግሞ በራሱ አይቀንስም፤ ሙቀት ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ በራሱ የማይሄደው ለዚህ ነው። ፍሪጅ ይህን የሚያደርገው ኤሌክትሪክ እየበላ ነው።