ገንዘብ ይፈስሳል ወይስ ይውላል?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ሰንጋ ተራ ካሉት ባንኮች በአንዱ እሠራለሁ። ለደንበኞች በምናዘጋጀው ጽሑፍ ላይ ‹መዋለ ነዋይ ማፍሰስ› ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ‹መዋዕለ ንዋይ› ብለው አረሙት። ባልደረባዬ ደግሞ ‹ኢንቨስትመንት በይውና ተገላገዪ› አለችኝ። ማናችን ልክ ነን?»

መልስ፦ አለቃዎ ልክ ናቸው። ግን ያረሙት ግማሹን ብቻ ነው። «ማፍሰስ»ን ለምን እንዳለፉት አልገባኝም። እኔን ዓመታት ሲቆረቁረኝ የኖረው እሱ ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። «ንዋይ» ግዕዝ ነው፤ ዕቃ፣ ንብረት ማለት ነው። «ንዋየ ቅድሳት» ስንል የምንጠራው ይህንኑ ቃል ነው። የደብር ገንዘብ ጠባቂም «ዐቃቤ ንዋይ» ይባላል። ስለዚህ በሳድሱ «ን» ይጻፍ።

«መዋዕል» ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሥሩ «ወዐለ» ነው። አማርኛ «ዐይን» የምትባለውን ፊደል «ዐ»ን ዋጠና «ዋለ» አለ። «መዓልት» የዚሁ ሥር ልጅ ነው። «ውሎ»ም «ውለታ»ም እንደዚያው። እርስዎ በየቀኑ ደንበኛ የሚያስፈርሙበት «ውል» እንኳ በግዕዙ «ውዕል» ነው። ውልና ውለታ ከአንድ ሥር ወጥተው እንዲህ ሲጎራበቱ ሳይ ደስ ይለኛል። «ዕ»ን ከ«መዋዕል» ላይ ሲያነሡ ይህን ዝምድና ነው የሚበጥሱት።

«መዋዕለ ሕፃናት» ልጆች የሚውሉበት ነው። «መዋዕለ ንዋይ»ንም ገንዘብ የሚውልበት ብዬ ነው የምረዳው። እዚህ ላይ የሚሞግቱኝ አሉ። «መዋዕል የመዓልት ብዙ ቁጥር ነው፤ ዜና መዋዕል የዘመናት ዜና እንደሆነ ሁሉ መዋዕለ ንዋይም የንብረት ቀናት ይሆናል፤ ትርጉም የለውም» ይላሉ። በግዕዙ ሕግ ከሄድን ክርክሩ ከባድ ነው። የሚዋልበትን ቦታ ለመጥራት «ምውዓል» ይቀርባል። ይህን አምኛለሁ። ግን ቃሉን የፈጠረው ሰው ጆሮ «መዋያ»ን እንደሰማ አልጠራጠርም። አማርኛ ተናጋሪም የሚሰማው ያንኑ ነው።

እንግዲህ ገንዘብ የሚውል ከሆነ ለምን እናፈስሰዋለን? «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» የሚል ሕዝብ፣ ይመለሳል ብሎ ያወጣውን ብር «አፈሰስኩ» ሲል ይከብደኛል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት «ፈሰስ ማድረግ» የሚባል አለ። ትርፉ ገንዘብ ወደ ካዝና ይገባል። እዚያ ቃሉ ቦታው ነው፤ ፈሰስ የሆነ ብር ከሰጪው እጅ ወጥቷል። የግል ገንዘብ ግን ጠዋት ወጥቶ፣ ሠርቶ፣ ማታ ወለዱን ወይም ትርፉን ይዞ እንዲመለስ ነው የሚላከው። ድሃ አገር ከግል ባንክና ከግል ነጋዴ የምትጠብቀውም ይህንኑ ነው። አንዱ ብር ለልብስ ስፌት ቤቱ የስፌት መኪና ይገዛል፤ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት የእንጨት ሥራ ቤቱን ይደርሳል። ቢፈስስ ኖሮ ሁለተኛው ሰው ምንም አይደርሰውም ነበር።

የግል ገንዘብ ታሪክም በቃላቱ ላይ ታትሟል። በ1967 ባንኮቹ ሁሉ ሲወረሱ ሀብታም ሰው «ከበርቴ» ነበር፤ ቃሉም ስድብ ሆነ። የግል ባንክን የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 84 የመጣው በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ «ባለሀብት» አየሩን ሞላው። («ሐብት» ብላችሁ የምትጽፉ፣ እባካችሁ ተዉ። «ልደት» ከ«ወለደ» እንደወጣ «ሀብት» የወጣው ከ«ወሀበ» ነው። ስጦታ ማለት ነው። ሀብተ ማርያም የሚለውን ስም አስቡት።)

«ከብት»ም ድሮ ጠቅላላ ንብረት ማለት ነበር። ባንክ ለረጅም ዘመን ማስያዣ አምጣ ሲል ቤት ወይም ሕንፃ ማለቱ ነበር፤ ከብት ያለው ገበሬ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ እንዲሆን ፈቀደ። በሬውም ማሽኑም ንብረት ተብሎ ተቆጠረ። ሕጉ የአያቶቻችንን አማርኛ ዘግይቶ የደረሰበት መሰለኝ። የሰንጋ ተራ ልጅ ይህን ሲሰማ ሰፈሩ ከማን ስሙን እንዳገኘ ያስታውሳል።

«ማፍሰስ» ለትልቅ ገንዘብ ነው የሚሉም አሉ። ታዲያ ለትንሹስ? በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሽያጭ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። 9,900 ብር ነው። ከዕቁቧ ያወጣችውን 9,900 ብር በስልኳ የከፈለች ሴት «መዋዕለ ንዋይ አፈሰሰች» ሲባል ጆሮ አይቀበልም። ገንዘቧን አዋለች እንጂ።

ስለ ባልደረባዎ። «ኢንቨስትመንት» ከላቲን የመጣ ነው፤ ማልበስ ማለት ነው። ገንዘብ የለበሰውን ለውጦ ፋብሪካ ይለብሳል እንደማለት። ምስሉ ያምራል፤ ግን አማርኛ ሰሚ ምስሉን አያየውም። እኔ አልወደውም። ሆኖም አዋጁ ራሱ፣ ቁጥር 1180/2012፣ «የኢንቨስትመንት አዋጅ» ነው የሚለው። ታክሲ ውስጥም ሰው የሚለው እሱን ነው። ስለዚህ ስሕተት ነው ልላቸው አልችልም። በጥር 2017 ሥራ የጀመረው የአክሲዮን ገበያ ግን በስሙ «መዋዕለ ንዋይ»ን መያዙ አስደስቶኛል።

«ማፍሰስ»ም በየጋዜጣው ሰፍኗል። ከእንግዲህ እኔ አልመልሰውም። ጽሑፍዎን እኔ ብጽፈው ግን «ባንኩ የደንበኞቹን ገንዘብ በአነስተኛ አምራቾች ሥራ ላይ ያውላል» እላለሁ። አለቃዎ «ማፍሰስ» ካሉ ይተዉላቸው። «ዕ»ዋን ግን እንዳይለቋት።