ከፍ የተደረገች መኪና ለምን ትዋልላለች?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከአስፋልት ውጪ የሚነዱና ባለቤቶቻቸው ለዓመታት እየነካኩ የሚያሻሽሏቸውን ፎር ባይ ፎር መኪኖች የሚመለከቱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሞተሯ ደህና የሆነ አሮጌ ባለናፍጣ ፎር ባይ ፎር ገዝቻለሁ። ቀስ እያልኩ ለአሸዋና ለድንጋይ መንገድ ላበቃት አስቤአለሁ። ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ መኪና የሚጎትት መሣሪያ)፣ የብረት ፓራውልት፣ ፖርቶመጋላና ትልልቅ ጎማ በዝርዝሬ ውስጥ አሉ። በየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ከዘረዘሯቸው በአንዱም አይጀምሩ። የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ለዓይን የማይታየው ነው፦ ጎሚኒዎች (በብረት መጋጠሚያዎች መሀል የሚገቡ ላስቲኮች)፣ ቴስቲናዎች (የመሪ ዘንጎች ጫፍ መጋጠሚያዎች)፣ የጎማ ኩሽኔታዎች፣ ፓራኦሊዮዎች (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽጉ ቀለበቶች)፣ የፍሬን ቱቦዎች፣ ራዲያተርና የውሃ ቱቦዎች። ባረጀ ጎሚኒ ላይ አዲስ ሞላ የገጠመ ሰው መኪናዋ ስትንጋጋ ጥፋቱን በሞላው ላይ ይለጥፋል።

ሻንሲውን (የመኪናዋን አካል የሚሸከመውን የብረት ማዕቀፍ) በትንሽ መዶሻ እየቆረቆሩ ከጫፍ ጫፍ ይሂዱ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። በሳጥን ቅርጽ የተሠራው ክፍል ውስጥ ጭቃ ይጠራቀምና የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ እርጥበቱም ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ቀዳዳዎቹን በሽቦ ከፍተው ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ይጠቡት። በደንብ ሲደርቅ ሰም ያለበት ጸረ ዝገት ወደ ውስጥ ይርጩ። የመሪው ሳጥን የታሰረበትን አካባቢ በተለይ አጽድተው ይመልከቱ፤ በአሮጌ መኪኖች ላይ ስንጥቅ መጀመር የሚወደው እዚያ ነው።

ዝርዝርዎን ግን አይጣሉት። ሞላ የሚመረጠው በክብደት ስለሆነ ወደፊት ምን እንደሚጫን ዛሬ መታወቅ አለበት። የብረት ፓራውልት ከነዊንቹ የፊቱ አክስል ላይ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ይጨምራል። ዛሬ ለባዶ መኪና የተገዛ ሞላ ከሦስት ዓመት በኋላ ዊንቹ ሲመጣ ይተኛል፤ ሁለት ጊዜ ከፈሉ ማለት ነው። ሳልቫትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ሞልቶ፣ ሰውም ዕቃም ተጭኖ፣ የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ በሚዛን ያስመዝኑና ወደፊት የሚጨመረውን ደምረው ሞላ ይዘዙ።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ይቀይሩ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱ፣ ቀጣዩን ይቀይሩ። ሦስት ነገር በአንድ ቀን ከገጠሙ ድምፁ ከየትኛው እንደመጣ ማንም አይነግርዎትም። ደብተር ደግሞ ግድ ነው። ከሌላ ሞዴል የመጣ የፍሬን ሸራ፣ የኩሽኔታ ቁጥር፣ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ቁጥር፣ ብሎኖቹ የጠበቁበት ልክ ሁሉ ይጻፍ። ከስምንት ዓመት በኋላ ያ ኩሽኔታ ሲያልቅ «የዚህች መኪና ነው» ብለው ቢያዙ የሚመጣልዎት የፋብሪካው ነው፤ እርስዎ የገጠሙት አይደለም።

ጥያቄ፦ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስልና ሞላ ባላት መኪናዬ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ሞላ አስገጠምኩ። አሁን ቀጥ ባለ መንገድ ትዋልላለች፤ ከታጠፍኩ በኋላ መሪው በራሱ አይመለስም። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጉድጓድ ስትመታ ደግሞ መሪው እጄ ላይ ይርገበገባል። መካኒኩ ጠንካራ የመሪ አሞርዛተር ግዛ ይለኛል። ልግዛ?

መልስ፦ ገንዘብዎን ለጊዜው ይያዙ። ያሉብዎት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ንዝረት የሚያፍነው አሞርዛተር አንዱን አይነካውም፣ ሌላውን ይደብቀዋል።

መዋለሉ ከከፍታው የመጣ ነው። የፊቱን አክስል የያዙት ሁለት ረጃጅም ክንዶች የኋላ ጫፋቸው ከሻንሲው ጋር ታስሯል። ሻንሲው ሲነሳ ያ ጫፍ አብሮ ይነሳና አክስሉን ወደ ፊት ያዞረዋል። ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ አናቱ ወደ ኋላ ዘንበል ማለት ሲገባው ቀጥ ይላል። ይህ ዝንባሌ ካስተር ይባላል። ብስክሌት እጅ ለቀው ሲነዱ ቀጥ ብላ የምትሄደው ሹካዋ ወደ ኋላ ዘንበል ስላለም ጭምር ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በዚህ ዓይነት አክስል ላይ 2 ዲግሪ ገደማ ይወስዳል፤ የፋብሪካው 3 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ የቀረልዎት 1 ብቻ ነው። አላይመንት ማሽን ላይ ያስለኩትና ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ያስመልሱት። ለ5 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳው ከመሀል የወጣ ጎሚኒ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለወጣች መኪና የተስተካከለ ክንድ ወይም ማረሚያ ሳህን ያስፈልጋል።

መርገብገቡ የሚመጣው ከልቅ ነገር ነው። ጎማዎቹ መሬት እንደያዙና ሞተሩ እንደበራ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ ቶሎ ቶሎ ያንቀሳቅስልዎት። እርስዎ ከታች ሆነው አክስሉን ወደ ጎን የሚይዘውን ዘንግ ጫፍ፣ ፓንሃርድ የሚባለውን፣ ከነማሰሪያው በጣትዎ ይንኩት። ብሎኑ በቀዳዳው ውስጥ በፀጉር ያህል እንኳ ከተንቀሳቀሰ ተገኘ። ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ ከሆነ ብሎን ማጥበቅ አይጠቅምም፤ ተበይዶ እንደገና መበሳት አለበት።

ቀጥሎ ጎማውን በክሪክ አንስተው ላይና ታች ይዘው ይነቅንቁት። ልቅ ከሆነ ረዳትዎ ፍሬን ይርገጥና ይድገሙት። ልቅነቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ግራና ቀኝ ይዘው ሲነቀንቁ የሚሰማው በአብዛኛው ከቴስቲና ይመጣል። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ የጎማው ባላንስም ከተስተካከለ በኋላ አሞርዛተሩን ቢገዙ አንከለክልም።

እግረ መንገድዎን አክስሉ ተንጠልጥሎ መሪውን እስከ መጨረሻ ግራ፣ ከዚያም ቀኝ አዙረው የፍሬኑን ቱቦ ይመልከቱ። ከተወጠረ ረዘም ያለ ያስፈልጋል፤ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

ጥያቄ፦ የኋላዬ ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ቅጠል ሞላ) ነው። ማንጠልጠያውን በ5 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ብቀይር መኪናው 5 ሳንቲ ሜትር ይነሳል?

መልስ፦ የለም፣ 2.5 ብቻ። ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ማንጠልጠያ ያለው በአንደኛው ጫፍ ነው፤ ሌላኛው ጫፍ ባለበት ስለሚቆይ መሀሉ ግማሹን ይነሳል። አክስሉም ስለሚዞር የክሮቸራዎቹ (የማስተላለፊያው ዘንግ መጋጠሚያዎች) አንግል ይለወጥና ንዝረት ይመጣል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ብሎኖች ከፈቱ ደግሞ መልሰው አይጠቀሙባቸው፤ አንዴ ተለጥጠዋል። አዲስ ይግጠሙና ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ያጥብቁ።

ጥያቄ፦ ላንድክሩዘር 80 አለኝ፤ የዲፈረንሻሉ ጥርስ 4.10 ነው። ከ31 ኢንች ጎማ ወደ 35 መሄድ እፈልጋለሁ። ጥርስ መቀየር ግዴታ ነው?

መልስ፦ ሒሳቡ ይናገር። 4.10 ማለት ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ዘንግ 4.10 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። 4.10 በ31 ተባዝቶ ለ35 ሲካፈል 3.63 ይሆናል። መኪናዎ ሳይነካ ጥርሱ ወደ 3.63 የወረደ ያህል ነው፤ ዳገት ላይ አንድ ማርሽ ዝቅ እያሉ ይኖራሉ። ወደ ነበረበት ለመመለስ 4.63 ያስፈልጋል። ገበያ ላይ በቅርብ የሚገኙት 4.56 እና 4.88 ናቸው። ለ35 ኢንች፣ በተለይ ለተጫነች መኪና፣ ምርጫችን 4.88 ነው። ሞተሩ ከፋብሪካው 5 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይዞራል፤ የጎማውን ተጨማሪ ክብደት ያካክሳል።

የፊቱና የኋላው አንድ ላይ ይቀየራሉ። አንዱን ለቀጣይ ዓመት ካቆዩ ፎር ባስገቡ ቁጥር ሁለቱ አክስሎች ይታገላሉ፣ አንድ ነገርም ይሰበራል።

ኮሮና ፒኞን (የዲፈረንሻሉን ሁለት ጥርሶች) መግጠም የትዕግሥት ሥራ ነው። በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ሰዓት በሚመስለው መለኪያ ሲለካ ብዙ ጊዜ ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ትክክለኛው በጥርሱ ማሸጊያ ላይ ተጽፏል። ጥርሱ ላይ ቀለም ተቀብቶ ሲዞር አሻራው መሀል ላይ መውደቅ አለበት። ጠርዝ ላይ የወደቀ አሻራ በጥቂት ወራት ውስጥ ኡኡታ ይሆናል። አዲስ ጥርስ በመጀመሪያው ቀን ይግላል፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይጭኑ ከነዱ በኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ያቁሙት፣ ጥቂት ጊዜም ይድገሙት። ዘይቱን በ800 ኪሎ ሜትር ይለውጡ።

የፍጥነት መለኪያዎም ካልታረመ ይዋሻል። 100 ሲል እውነቱ 113 ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም እንዲሁ፤ በየ5,000 ዘይት የሚለውጡ ከሆነ በእርግጥ 5,650 ገደማ ነድተዋል። ፍሬኑም በዚያው ልክ ይደክማል።

ለአብዛኛው ሰው 33 ኢንች ይበቃል ባይ ነን። ለውጡ ከ6 እስከ 7 በመቶ ስለሆነ ጥርስ ሳይነኩ ይኖሩበታል።

ጥያቄ፦ ወንዝ ተሻግሬ ከተመለስኩ በኋላ የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት እንደ ወተት ነጣ። ፓራኦሊዮው አዲስ ነው። ውሃ በየት ገባ?

መልስ፦ በዚያው በአዲሱ ፓራኦሊዮ። አክስሉ ሲነዳ ይሞቃል፣ በውስጡ ያለው አየርም ይለጠጣል። በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተርና የሚስበው ነገር ይፈልጋል። አናቱ ላይ ያለችው ትንሽ መተንፈሻ በጭቃ ከተደፈነች የሚስበው በፓራኦሊዮው ከንፈር በኩል ውሃ ነው። ክፍት ብትሆንም ውሃ ውስጥ ከሰጠመች ያው ነው።

መተንፈሻዋን ፈትተው በቦታዋ ቱቦ የሚያስገባ ጫፍ ይግጠሙ። ዘይት የሚችል የጎማ ቱቦ ከሞተሩ ክፍል አናት ድረስ ይውጣ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊልትሮ ይኑረው። አክስሉ ወደ ታች ሲወርድ እንዳይመዘዝ ልል አድርገው ይተውት። ካምቢዮውንም (የማርሽ ሳጥኑን) አይርሱ። የተበላሸውን ዘይት ዛሬውኑ ያውርዱ፤ አዲስ ሞልተው ጥቂት ነድተው እንደገና ይለውጡ፣ ካልጠራ ሦስተኛም። ውሃ ያደረበት ኩሽኔታ ዝጎ መጮህ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ባትሪዬ ሙሉ ሆኖ ሳለ ኋላ ያለው ማቀዝቀዣ «ቮልቴጅ አነሰ» ብሎ ይጠፋል። ከመብራቶቹ ጋር 15 አምፔር ይወስዳል፤ ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ነው።

መልስ፦ ሽቦው ቀጥኗል። ደርሶ መልስ 10 ሜትር ስለሆነ በ15 አምፔር ከ1 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። ባትሪው 12.4 ሲሆን ማቀዝቀዣው የሚያየው 11.4 እንኳ አይሞላም። 10 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢዘረጉ የሚጠፋው ሩብ ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይሁን። ሽቦው ቆርቆሮ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ጎሚኒ ይግባ፤ ያለዚያ ንዝረቱ ልባሱን ይበላውና ፊውዙ በተደጋጋሚ ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ ሻንሲው ላይ ማሰሪያ ከማስበየዴ በፊት ምን ልፍታ?

መልስ፦ የባትሪውን ሁለቱንም ገመዶችና የሞተር ኮምፒውተር ካላት ሶኬቱን። የብየዳውን የመሬት መቆንጠጫ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ፣ ቀለሙ በተፋቀ ንጹሕ ብረት ላይ ያሳስሩ። ሻንሲ እየተበየደ መቆንጠጫው ቸርኬ ላይ ቢታሰር ኤሌክትሪኩ በጎማው ኩሽኔታ በኩል ያልፋል። ኳሶቹ ላይ ትናንሽ ጠባሳ ይተዋል፤ ኩሽኔታውም ሳይቆይ ያጉረመርማል።