«የእግዚአብሔር ፈቃድ የቱ ነው?» ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ እግዚአብሔር ምሪት የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አነበብኩ። አብዛኞቹ ስለ ጉዞ፣ ስለ ትዳርና ስለ ሥራ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን የምክር አገልግሎት ውስጥ ስለማገለግል እነዚህን ብዙ ጊዜ እሰማቸዋለሁ። በቀጥታ እመልሳለሁ፤ ያልተስማማችሁ ሞግቱኝ።

ጥያቄ፦ ወደ ኩዌት ቪዛ ወጥቶልኛል። ሁሉም ነገር ሳልለፋ ነው የተሳካው። ጌታ በር ከፈተልኝ ማለት ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል እህቴ። ግን የበሩ መከፈት ብቻውን አይበቃም። ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ሲኮበልል ኢዮጴ ወረደ፤ ወደ ተርሴስ የሚሄድ መርከብ አገኘ፤ ዋጋውን ከፍሎ ተሳፈረ። ሁሉ ነገር ተመቻችቶለት ነበር! ጳውሎስ ደግሞ ጢሮአዳ ላይ ለወንጌል በር ተከፍቶለት ሳለ፣ ቲቶን ስላላገኘው መንፈሱ ዕረፍት አጥቶ ወደ መቄዶንያ ሄደ (2ቆሮ 2፥12-13)። ኤፌሶን ላይ ግን በሩ ተከፍቶ ተቃዋሚውም ብዙ ሆኖ ሳለ እዚያው ቆየ (1ቆሮ 16፥8-9)። ስለዚህ የነገሩ መቅለልም ሆነ መክበድ ለብቻው መልስ አይሆንሽም። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ውሉን አንብበሽዋል? ኤጀንሲው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ አለው? እዚያ ችግር ቢገጥምሽ የምትደውዪለት ሰው አለ? የምትሄጂው ቤተሰብሽን ለመርዳት ነው ወይስ ከአንድ ነገር ለመሸሽ? ይህን መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም። ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ የተናገረው ጌታ ራሱ ነው (ሉቃ 14፥28)።

ጥያቄ፦ አንድ ነቢይ «ሚስትህ እርሷ ናት» ብሎ አንዲት እህት አሳየኝ። ልቤ አልተቀበለውም። እምቢ ብል እግዚአብሔርን መቃወም ነው?

መልስ፦ አይደለም። 1ኛ ነገሥት 13ን ዛሬ ማታ ረጋ ብለህ አንብበው። ከይሁዳ ወደ ቤቴል የተላከውን ሰው እግዚአብሔር ራሱ «እዚያ እንዳትበላ፣ እንዳትጠጣ» ብሎታል። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ነቢይ መጣና መልአክ እንደነገረው አድርጎ «ቤቴ ና ብላ» አለው። ውሸቱን ነበር። ሰውየው አመነው፣ በላ፣ ሲመለስ መንገድ ላይ አንበሳ ገደለው። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር እደነግጣለሁ፤ ምክንያቱም ያሳተው ጣዖት አምላኪ ሳይሆን «እኔም እንዳንተ ነቢይ ነኝ» ያለው ሽማግሌ ነው።

ትንቢትን አልንቅም። ጳውሎስ ግን ትንቢትን አትናቁ ካለ በኋላ ወዲያው ሁሉን ፈትኑ ይላል (1ተሰ 5፥20-21)። እውነተኛ ትንቢት እንኳ ውሳኔውን ከሰው እጅ አይነጥቅም። ነቢዩ አጋቦስ ጳውሎስ ኢየሩሳሌም እንደሚታሰር ተናገረ፤ ወንድሞች እያለቀሱ እንዳይሄድ ለመኑት፤ እርሱ ግን ሄደ (ሐዋ 21)። ስለ ትዳርም ጳውሎስ ባሏ የሞተባት ሴት የወደደችውን ታግባ፣ በጌታ ይሁን እንጂ ነው ያለው (1ቆሮ 7፥39)። የወደደችውን! ደግሞ ለልጅቷም አስብላት፤ በልቡ ያልተቀበላት ሰው በፍርሃት ሊያገባት አይገባም። ነቢይ ነኝ ባዩ ገንዘብ ከጠየቀህ ወይም «ለማንም እንዳትናገር» ካለህ ቶሎ ራቅ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጾሜ ጸልዬ ምንም አልሰማሁም። ኃጢአት ይኖርብኝ ይሆን?

መልስ፦ የምታውቀው ነገር ካለ ንስሐ ግባ። ከሌለ ግን ራስህን አታሰቃይ፤ ዝምታ ሁልጊዜ ቁጣ አይደለም። ሐዋርያት ሥራ 16 ላይ እነጳውሎስ በእስያ እንዳይናገሩ ተከለከሉ፣ ቢታንያ ሊገቡ ሲሉም ተከለከሉ። ሁለት ጊዜ «አይሆንም» ብቻ ሰምተው፣ ወዴት እንደሚሄዱ ሳያውቁ ጢሮአዳ ደረሱ። በመንፈስ የተሞሉ ሰዎች ናቸው እኮ! ወደ መቄዶንያ የጠራቸው ራእይ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጳውሎስ ራእዩን ሲያይም ብቻውን አልወሰነም፤ አብረውት የነበሩትም እግዚአብሔር እንደጠራቸው ተረድተው ነው የተነሡት። አንተም ብቻህን አትሸከመው።

ጥያቄ፦ እንደ ጌዴዎን ምልክት ብጠይቅስ?

መልስ፦ ጌዴዎን ለምልክት የበግ ፀጉሩን ሲዘረጋ ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ ተነግሮት ነበር፤ ራሱም «እንደ ተናገርህ» ይላል (መሳ 6፥36)። ፍርሃቱን እግዚአብሔር ታገሠለት። «ዛሬ ከደወለልኝ ፈቃድህ ነው» ማለት ከዚህ ጋር አይገናኝም። ዓይን ጨፍኖ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ ጣት ያረፈበትን ማንበብም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ሁለት የሥራ ዕድል አለኝ፤ አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ አዲስ አበባ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ፤ ከተሳሳትኩ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ የፈረሰውን የኢየሩሳሌም ቅጥር ሊሠራ የተነሣውን ነህምያን ተመልከት። ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን ወር፣ አራት ወር ያህል ጸለየ። ንጉሡ ሲጠይቀው ግን እዚያው አጭር ጸሎት አድርጎ የሚፈልገውን ተናገረ፤ የይለፍ ደብዳቤውንም እንጨቱንም ሳይቀር። ኢየሩሳሌም ሲደርስ ደግሞ ሥራውን ለሕዝቡ ከመናገሩ በፊት በሌሊት ወጥቶ ቅጥሩን በዓይኑ መረመረ። ጸሎቱም ምርመራውም አብረው ሄዱ። አንተም ጸልየሃል። እውነቱን የሚነግሩህን ሁለት ሰዎች አማክር፤ የት ቤተ ክርስቲያን እንደምታመልክና እናትህን ማን እንደሚጠይቅልህም አስብ። ሁለቱም ንጹሕ ሥራ ከሆኑ የወደድከውን ምረጥና ሰኞ መልስህን ስጣቸው።